የናይሮቢው ጥሩምባ እና የእኛ ጥሩምባ

ቀን፦ እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ለብሔራዊ የመንገድና የውሃ ትራንስፖርት መምሪያ
ለአፈጻጸም ምዘናና ሪፖርት ዳይሬክተር
(ለነገው የሽልማት በዓል መጥተው በኮራንዴ ወደብ እንግዳ ማረፊያ ላረፉት)

አመልካች፦ አኬዮ ኦንዲቲ፣ ዕድሜ 16፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ የኪዳሮ ደሴት ነዋሪ

ጉዳዩ፦ ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የደሴቱን የፈተና ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ጉዞ ጭና ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ኮራንዴ እንድትሻገር የታዘዘችው «ንያር ናም» የተባለችው የመንግሥት ጀልባ እንዳትነሳ እንዲያዙልን ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት፣ ንጹሕ ሆኜ በፊትዎ እቆም ዘንድ አንድ በደሌን እናዘዛለሁ። በወደባችን በር ላይ መምሪያዎ ያስተከለው ባለ ሦስት ፊት ማሽን አለ፤ አንዱ የሚስቅ አረንጓዴ፣ አንዱ ዝም ያለ ቢጫ፣ አንዱ ያኮረፈ ቀይ። ተሳፋሪው ሲወርድ እንደ እርካታው አንዱን ይጫናል ተብሎ ነው። እኔ አረንጓዴውን ተጭኛለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። በቀኝ እጄም በግራ እጄም ተጭኛለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ሁለቱም እጆቼ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ይዘው ስለነበር በክርኔ ተጭኛለሁ። ማንዳዚውን የሰጡኝ የወደቡ ኃላፊ ናቸው። ስለዚህ በሪፖርትዎ ላይ «እጅግ የረኩ ተገልጋዮች» የሚለው ቁጥር ብዙ ሆኖ ካስደሰትዎ፣ ከብዙዎቹ ብዙዎቹ እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማንዳዚው ግን ጥሩ ነበር።

እንግዲህ ስለ እርካታዬ የሰጠሁት ቃል እንደማይታመን ራሴ ስላጋለጥኩ፣ ስለ ፍርሃቴ የምሰጠውን ቃል እንዲያምኑልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. የመምሪያዎ ምዘና እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ከናይሮቢ ላይታይ ስለሚችል አስቀድሜ አስረዳለሁ። ጣቢያዎች ከሁሉ በላይ የሚመዘኑት ጀልባቸው በሰዓቷ በመነሳቷ ነው። ቀድሞ ኃላፊዎች «በሰዓቷ ተነሥታለች» ብለው ይጽፉ ነበር፤ መምሪያው አላመናቸውም። በዚህ አልፈርድበትም። የኪዳሮ ወደብ ኃላፊ ሚስተር ኦልዌኒ የእናቴ ወንድም ስለሆኑ፣ ለመምሪያው አዝንለታለሁ እንጂ። ስለዚህ ማስረጃ ተጠየቀ። ጀልባ ስትነሳ ጥሩምባ ትነፋለችና ኃላፊው በመነሻው ሰዓት ናይሮቢ ደውሎ ጥሩምባውን በስልክ ያሰማ፤ እዚያ ያለችው መዝጋቢም በጆሮዋ ሰምታ ትመዝግብ ተባለ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጥሩምባው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሳይነፋ የዋለበት ቀን የለም። ጀልባዋ የምትነሳው ግን ዓሣ ነጋዴዎቹ ቅርጫታቸውን ጭነው ሲጨርሱ፣ የፓስተሩ ሞተር ብስክሌት ተገፍቶ ሲደርስና ካፒቴን ራጵዶ ሻያቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ነው። ካፒቴን ራጵዶን ደሴቱ ሁሉ «ጃዱኦንግ» እያለ ይጠራቸዋል። ሽማግሌ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ በሌላ ስም ሲጠሯቸው ስለማይሰሙ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ይፈጸማል። አጎቴ ኦልዌኒ ከረባታቸውን አጥብቀው ስልካቸውን ወደ ጥሩምባው ከፍ አድርገው ይይዛሉ፤ ላየ ሰው ልጅ ክርስትና የሚያስነሱ ይመስላሉ።

«አንድ ሰዓት ሆነ! ይንፉላት ጃዱኦንግ!»

ይነፋል።

«ሰማሽ የኔ እህት?»

«ተሰምቷል፣ ኪዳሮ። በሰዓቱ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። በሉ ጃዱኦንግ፣ አሁን ሞተሩን ያጥፉና ሻይዎን ይጨርሱ።»

ስለዚህ እኛ ጋ ሁለት ጥሩምባ አለ። የመጀመሪያው የናይሮቢ ነው፤ ሁለተኛው የእኛ ነው። እንግዳ ሰው የመጀመሪያውን ሰምቶ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ወደቡ ሲሮጥ ካየን፣ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ያ ላንተ አይደለም፤ ለናይሮቢ ነው» እንለዋለን። ከሰዓት በኋላ የመመለሻው ሰዓት ሲደርስም እንደዚያው ነው፤ ጀልባዋ ሐይቅ መካከል ትሁን፣ እምቦጭ ውስጥ ትዋኝ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ጃዱኦንግ ይነፋሉ፣ አጎቴም ካሉበት ስልካቸውን ወደ ድምፁ ከፍ ያደርጋሉ። ባለፈው ክረምት ጀልባዋ ቀለም ልትቀባ ከውሃ ወጥታ በግንድ ላይ ተሰቅላ በነበረበት ጊዜ እንኳ ጥሩምባዋ በሰዓቱ ተነፍቷል። በዚያ ሩብ ዓመት ኪዳሮ ከሀገሪቱ የጀልባ ጣቢያዎች አንደኛ ወጣች።

በዚህ እኛም ስቀናል። አልደብቅም። ልጆች ጥሩምባውን ሲሰሙ «ናይሮቢ ተነሣች!» ብለው ይጨፍራሉ። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ሆነ፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም። ጥሩምባው ሲነፋ ማንም ቀና ማለት ተወ። መረብ የሚጠግነው ይጠግናል፤ ኦሜና ዓሣ አሸዋው ላይ የምታሰጣው ታሰጣለች። ውሾች እንኳ ጆሯቸውን አያቆሙም።

2. የጀልባዋ ሆድ ከኋላ በኩል ውሃ ያስገባል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ፓምፕ አላትና እየሳበ ያወጣው ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ፓምፑ ደስ ባለው ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። አጎቴ ቤታችን እራት ሊበሉ በመጡ ጊዜ ጠየቅኳቸው። ቃላቸውን እንዳለ አቀርባለሁ።

«አጎቴ፣ ፓምፑ ለምን አይጠገንም?»

«ተጠግኗል እኮ።»

«ዛሬ አይቼዋለሁ። ዝገት ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ደግሞ መካኒክ ሆንሽ? ብልሽት ማለት ለጥገና ክፍል ያልተላከ ነው። እኔ ልኬያለሁ። በላክሁበት ቀን ‘ተፈቷል’ ተብሎ ተመዝግቧል። በቃ፣ የለም።»

«ታዲያ አዲስ ይጠይቁ።»

«ጠይቄያለሁ። ‘ጣቢያችሁ በውጤቱ አረንጓዴ ነው፤ የፓምፕ በጀት ለቀይ ጣቢያዎች ነው’ አሉኝ።»

«እንግዲያው አንድ ወር ቀይ ይሁኑዋ!»

እናቴ ሳቀች። አጎቴ ግን ወደ እሷ ዞሩ። «ይቺ ልጅሽ ታስቀጣኛለች። ቀይ የሆነ ኃላፊ የት እንደሚላክ ታውቂያለሽ? በረሃ ውስጥ የከባድ መኪና ሚዛን ነው የሚያስጠብቁት። ያኔ ኡጋሊ ትልኪልኛለሽ?»

«ከረባትህን አውልቀህ ከሄድክ እልክልሃለሁ» አለች እናቴ።

ሁላችንም ሳቅን። አጎቴ ከሳቁ በኋላ የጠቀለሉትን የኡጋሊ ገንፎ ትንሽ አዩትና ሳይጎርሱት ወደ ሳህኑ መለሱት። ከዚያን ቀን በፊት ምግብ ሲመልሱ አይቻቸው አላውቅም፤ በዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ምስክሬ ነው።

ክቡርነትዎ ይህን የጻፍኩት አጎቴን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ሰውዬው ትንሽ ይኮራሉ፤ ማንኮራፋታቸውም ከእኛ ቤት ይሰማል፤ ክፉ ግን አይደሉም። ፓምፕ ለማግኘት ቀይ መሆን አለባቸው፤ ቀይ ከሆኑ እዚህ አይገኙም። እኔ በሒሳብ ደካማ ነኝ፣ ቢሆንም ይሄ እንደማይፈታ ይገባኛል።

3. አሁን ወደ ዋናው ነገር እገባለሁ። ባለፈው ወር፣ በኮራንዴ የገበያ ቀን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ኦጉቱ በንያር ናም ወደ ቤታችን ስንመለስ ነበር። ኦጉቱ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። የፈተና ሸሚዝ ተገዝቶለት፣ እንዳይጨማደድ ብሎ በራሱ ላይ አስቀምጦ ይዞት ነበር፤ ሙሽራ ይመስላል ብዬ ሳሾፍበት ነበር የመጣሁት።

ንፋሱ ከደቡብ ተነሣ። ከደሴታችን ብዙም አልራቅንም፤ የባሕር ዳሩ ሰዎች አንድ በአንድ ይለያሉ። መጀመሪያ ከኋላ የታሰሩት ጥጆች መራገጥ ጀመሩ። ቀጥሎ አንዲት ሴት «ውይ፣ እግሬ!» አለች። ውሃው ቁርጭምጭሚት ደርሶ ነበር። ጃዱኦንግ ፓምፑ እንዲነሣ አዘዙ። ፓምፑ እንደ ሽማግሌ አንዴ ሳለና ዝም አለ። እንደገና ሞከሩት፤ አልሳለም።

ሴቶቹ የዓሣ ሳህናቸውን ባዶ አደረጉና ውሃ መቅዳት ጀመሩ። እኔም ቀዳሁ። ውሃው ግን ከእኛ ይፈጥን ነበር። ያኔ ነው ጃዱኦንግ ጥሩምባውን የያዙት። አንዴ ረዥም ነፉ። አቆሙ። ደገሙ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን አላነሡም።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ይህን ቦታ ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ሁላችንም ወደ ባሕር ዳር እናይ ነበር። መረብ የሚጠግኑት ይጠግናሉ። ኦሜና የሚያሰጡት ያሰጣሉ። ታንኳዎቹ አሸዋው ላይ ተደርድረዋል። አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ አየን። እጁን አውለበለበልንና ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

«ይሰሙናል እኮ!» አለ ኦጉቱ። «ለምን አይመጡም?»

«ለናይሮቢ መስሏቸው ነው» አልኩት።

«ንገሪያቸዋ!»

«በምን?»

ከጥሩምባው በላይ የሚጮህ ነገር አልነበረንም።

ያዳነን መምሪያዎ በየዓመቱ ላጠፋው ነው እያለ የሚዝትበት እምቦጭ ነው። ንፋሱ ገፍቶ እምቦጩ ውስጥ ከተተን፤ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አዘነበለችና እዚያ ላይ እንደ ትራስ ተደገፈች። ሁለት ጥጆች ሰመጡ። ገመዳቸውን ለመቁረጥ ጊዜ አልነበረም። ቆይቶ ዓሣ አጥማጁ ኦባላ እምቦጭ የያዘበትን መረብ ሊያላቅቅ ታንኳውን እየቀዘፈ መጣ። እኛን ፈልጎ አልነበረም። ከሩቅ ሲያየን፣ «እናንተ ሰዎች፣ ናይሮቢ እዚህም መጣች እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሲቀርብ ሴቶቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው አየ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ሌሎቹን ታንኳዎች ሊጠራ ሲቀዝፍ፣ ሰው እንደዚያ ሲቀዝፍ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ኦባላ ቤታችን መጥቶ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ግባ ቢሉት አልገባም። «ሰምቼ ነበር» አለ ለእናቴ። «ሁላችንም ሰምተናል። ‘ዛሬ ናይሮቢ ጆሮዋን ታማለች መሰለኝ፣ ደጋግመው ይነፉላታል’ ብዬ ያሳቅኩት እኔ ነኝ።» እናቴ ውሃ ሰጠችው፤ ይዞት ቆየና ሳይጠጣው ሄደ።

4. በክርኔ አረንጓዴውን የተጫንኩት ያን ቀን ነው። ታንኳዎቹ ወደቡ ላይ ሲያወርዱን አጎቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ለልጆቹ ሁሉ ማንዳዚ ያድላሉ፤ አንዱ ወደቀ፣ አላነሡትም። «ልጆች፣ አረንጓዴውን» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ልማዱ አልነበረም፣ እንደሚለምን ሰው ነበር። ጫማዬ ውሃ ሞልቶ ይንጫጫል። ተጫንኩላቸው። ኦጉቱ ግን አልተጫነም። ማንዳዚውንም አልተቀበለም። ሸሚዙ አሁንም ራሱ ላይ ነበር፤ አልረጠበም።

የዚያ ሳምንት ውጤት በወደቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። መነሻ፦ በሰዓቱ። የተሳፋሪ ብዛት፦ ከዕቅድ በላይ። የሞተ ሰው፦ የለም። ያልተፈታ ብልሽት፦ የለም። የቀረበ ቅሬታ፦ የለም። ያስፈራኝ፣ በመምሪያዎ መለኪያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ውሸት አለመኖሩ ነው። ጥሩምባው በሰዓቱ ተነፍቷል። ማንም አልሞተም። ማንም አልከሰሰም። «የደረሰችበት ሰዓት» የሚል ቦታ ፈለግሁና አጣሁ። ለካ መምሪያዎ ጀልባ መነሣቷን ይጠይቃል፤ መድረሷን የሚጠይቅ የለም።

ስለ ሕይወት አድን ጃኬቶችም በዚሁ ላመልክት። አሉን። አዲስ ናቸው፤ ከነላስቲካቸው ናቸው። መጋዘን ውስጥ ተቆልፈው ነው ያሉት፤ ቁልፉም አጎቴ ኪስ ነው። ምክንያቱም የሚመዘነው «የተሟላና ያልተጎዳ ጃኬት መኖሩ» ነው፤ የተለበሰ ጃኬት ደግሞ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ ዓሣ ይሸታል፣ ውጤት ይቀንሳል። ያን ቀን ሰው ሁሉ ጃኬት አለን ብሎ ያስብ ነበር። አለን እኮ። ባሕር ዳር ላይ።

5. አሁን ስለ ነገ።

በየዓመቱ የኪዳሮ ተፈታኞች ወደ ኮራንዴ የሚሻገሩት በሁለት ጉዞ ነው፤ ጀልባዋ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጫን ስለማይገባት። ዘንድሮ ግን ክቡርነትዎ የአንደኝነቱን ዋንጫ ይዘው ስለመጡ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ በስልክ በተላለፈ መልእክት ሁሉም በአንድ ጉዞ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሙሉ ጀልባ ሆነው እንዲታዩ ተወስኗል። ፎቶግራፍ አንሺ መጥቷል። መዘምራኑ ደግሞ በጀልባዋ ጣሪያ ሥር ቆመው እየዘመሩ እንዲደርሱ ተጨምሯል። ዓርብ ዕለት ወደቡ ላይ የሰማሁት ይህ ነው፦

«ጃዱኦንግ፣ በዓሉ ነገ ሳይሆን ሰኞ ነው» አሉ አጎቴ። «የናይሮቢውም የእኛውም ጥሩምባ አንድ ይሆናል። ነፍተው ወዲያው መነሣት ነው። ሻይ የለም።»

«ፓምፑስ?» አሉ ካፒቴኑ።

«ለአንድ ጠዋት ነው ጃዱኦንግ።»

«እኔ መዋኘት እችላለሁ ኦልዌኒ። ልጆቹን ጠይቃቸው።»

«አያሳቁኝ እባክዎ።»

«አላሳቅኩህም።»

አጎቴ ከረባታቸውን ፈቱ፤ እንደገና አሰሩት። ካፒቴኑም ተነሥተው ወደ ጀልባዋ የኋላ ክፍል ሄዱና ውሃው ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

የበዓሉን ፕሮግራም ከኮራንዴ የመጣ ሰው አሳይቶናል። ተራ ቁጥር አንድ ላይ «ጥሩምባው ሲሰማ ክቡራን እንግዶችና ሕዝቡ ቆመው ያጨበጭባሉ» ይላል። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። በእኛ በኩል ባሕር ዳር ጥሩምባውን ሰምቶ የሚነሣ ሰው የለም። በእርስዎ በኩል ደግሞ ሰምቶ የሚያጨበጭብ ሕዝብ ይቆማል። ከሁለቱ መካከል ኦጉቱ አለ፣ የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ አሉ። ከሁሉ የሚከፋኝ ደግሞ ኦጉቱ ዛሬ ጠዋት፣ «እኅቴ፣ በዋና የምደርሰው እስከ ኦባላ ታንኳ ማሰሪያ ድረስ ነው፤ ይበቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቀልድበት ነገር አጣሁ። «ይበቃል» አልኩት። ይህም ውሸት ነው፤ ከፊተኛው በደሌ ጋር ይመዝገብልኝ።

6. ለሽማግሌዎች ነግሬያለሁ። ፓስተሩ እንጸልያለን አሉ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር «ከናይሮቢ የመጣ ትእዛዝ ነው፤ አንቺ ማን ነሽና?» አሉኝ። የደሴቱ ሊቀ መንበር ደግሞ አዲስ ኮት አሰፍተዋል፤ ኮቱ ከተሰፋ በኋላ በዓል ይቅር ማለት እንደማይሆን ከፊታቸው ገባኝ። አጎቴ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ከእኔ በላይ ያሉት ከቆሙ እቆማለሁ» አሉ። ከእሳቸው በላይ ያሉት እርስዎ ነዎት። እዚህ ደሴት ላይ እርስዎን ብቻ ነው እምቢ የማይሉት።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ) ዛሬ ማታ ለአጎቴ አንድ ስልክ ደውለው፣ ፓምፑን መካኒክ አይቶ እስኪያስተካክለው ድረስ ንያር ናም እንዳትነሳ እንዲያዙልኝ። ስልካቸውን ወዲያው ያነሣሉ፤ ለናይሮቢ ሁልጊዜ ያነሣሉ።

ለ) የፈተናው ወረቀት ነገ በፖሊስ ታንኳ ወደ ትምህርት ቤታችን እንዲመጣ። ወረቀቱ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ናቸው የሚከብዱት። ይህ ካልተቻለ በሁለት ጉዞ፣ ንፋሱ ሳይነሣ፣ የጃኬቱ መጋዘን ተከፍቶ እያንዳንዱ ልጅ ለብሶ ይሻገር። ጃኬቶቹ ቢበላሹ፣ ስለ ጃኬቶቹ ብቻ ቀይ ያድርጉን።

ሐ) ጥሩምባ ለስልክ መንፋት ከነገ ጀምሮ እንዲቀር፣ እንደቀረም በየባሕር ዳሩ እንዲነገር። ሰው ጥሩምባ ሲሰማ ቀና እንዲል ለማስለመድ ጊዜ ይወስዳል፤ ቶሎ ካልጀመርን አንደርስም።

መ) አጎቴ ስለዚህ ማመልከቻ በረሃ እንዳይላኩ። እናቴ ኡጋሊ እልካለሁ ያለችው እውነቷን አይደለም፤ ብታዝንም ታለቅሳለች እንጂ አትልክም።

ይህ ሁሉ ዘግይቶ ከደረሰዎት ወይም ጊዜ ካጡ፣ የመጨረሻ ልመናዬ አንድ ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። ነገ ጠዋት ኮራንዴ ወደብ ላይ ቆመው ጥሩምባውን አንዴ ከሰሙ፣ ያ የበዓሉ ነው። ሁለተኛ ከሰሙ፣ እባክዎ እጅዎን ወደ ታች ያድርጉ። ሦስተኛ ከሰሙ ደግሞ አያጨብጭቡ፤ ሕዝቡም እንዳያጨበጭብ ይከልክሉ፤ በአጠገብዎ ያሉትን ታንኳዎች ሁሉ ይላኩልን። ለናይሮቢ እየተነፋ አይደለም።

ይህን የምጽፈው በቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ከፊት መዘምራኑ እርስዎን የሚቀበሉበትን መዝሙር ይለማመዳሉ። እኔ ከመዘምራኑ አይደለሁም፤ ድምፄን ሰምተው ካባረሩኝ ቆይቷል። ኦባላ ታንኳውን አዘጋጅቶ ውጪ ይጠብቀኛል። «እስከ እጃቸው ነው የማደርሰው፤ ማረፊያው በር ላይ ቢከለክሉኝ እዚያው እጮሃለሁ» ብሎኛል፤ ስለዚህ ከደጅ ጩኸት ከሰሙ እንዲገባ እንዲፈቅዱለት እለምናለሁ።

አሁን ስሜ እየተጠራ ነው። የአጎቴ ሚስት፣ የመዘምራኑ መሪ፣ ወረቀቱን አይተውብኛል፦ «አኬዮ! አኬዮ ኦንዲቲ! የምትጽፊውን አስቀምጪና ወደ ፊት ነዪ! ሁለት ልጆች በትኩሳት ቀሩብን፤ ባትዘምሪም አፍሽን ትከፍቻለሽ። ነገ አንቺም ትሳፈሪያለሽ!»

ከአክብሮት ሰላምታና ስልክዎን ከመጠበቅ ጋር፣

አኬዮ ኦንዲቲ
(ፊርማ)
ከነገ ጠዋቱ ተሳፋሪዎች አንዷ